ወዳጅ መስሎ ስለሚቀርብ አታላይ፦ ወደ ሰው አገር ለሚጓዙና ለሚሸኟቸው የቀረበ ትምህርት



በደራ ወረዳ በጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚገኘውን የወንዛዬን ፍል ውኃ የሚያውቅ ሁሉ፣ በዚያ ስፍራ ሰውና ሰው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚቀራረብ ያውቃል። ከፎገራ ሜዳ የመጣውና ከደብረ ታቦር የወረደው ሕመምተኛ ተራቸውን ሲጠብቁ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ ሌላውን «አገርዎ ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ግን በዚያ አያበቃም። ስለ ልጆቻቸው ቁጥር፣ ስለ መኸሩ ሁኔታ፣ ሕመሙ ስለ ጀመረበት ዘመን ይጨዋወታሉ። ስንቅ ያለቀበት ቢኖር ያለው ያካፍለዋል። ሲለያዩም የአንድ አገር ሰዎች እንደ ሆኑ ያህል ተመራርቀው ይለያያሉ።

ይህ ልማድ የአባቶቻችን ሀብት ነው። በደጋው አገራችን መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ከማያውቀው ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ባለቤቱ ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ እግሩን አሳጥቦ ያሳድረዋል። ዳሩ ግን ይህንኑ ደግነታችንን አጥንቶ የሚነግድበት ሰው በዓለም ላይ አለ። እርሱም በጎራዴ አይመጣም፤ በፈገግታና በሰላምታ ይመጣል። ልጆቻችን ለሥራና ለትምህርት ከአገር ሲወጡ የሚገጥማቸው፣ አንዳንድ ጊዜም ገና ከደጃችን ሳይወጡ ደርሶ የሚያነጋግራቸው ይኸው ሰው ነው።

የዚህ ትምህርት ዓላማ በራችንን በእንግዳ ላይ እንድንዘጋ ማድረግ አይደለም። እንድንረዳው የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አታላይን ከእውነተኛ ወዳጅ የሚለየው የአነጋገሩ ጣፋጭነት ሳይሆን የሚጠይቀን ነገር መሆኑንና፣ ከተታለልን በኋላም አታላዩን ለሌላ ጊዜ የሚያበረታው የእኛ ዝምታ መሆኑን ነው።

1. በእኛ በራሳችን የደረሰው

ሌላውን ሊያስተምር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የራሱን ስሕተት ቢናገር ይሻላል። ከዐሥር ዓመታት በፊት ለትምህርት ወደ ሮም በተላክንበት ጊዜ፣ በደረስን በአምስተኛው ቀን ከተርሚኒ የባቡር ጣቢያ ወጥተን ወደ ማደሪያችን በእግር ስንሄድ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ አለባበሱ ያማረ ሰው ቀርቦ በእንግሊዝኛ ከየት እንደ መጣን ጠየቀን። ኢትዮጵያውያን መሆናችንን ብንነግረው ፊቱ በራ። በአዲስ አበባ ሁለት ዓመት እንደ ሠራ ነገረንና በአማርኛ «ሰላም»፣ «ቡና»፣ «አመሰግናለሁ» አለን። እነዚህ ሦስት ቃላት ልባችንን እንዴት እንዳራሩት ለመግለጽ ይቸግረናል። በዚያ ታላቅ ከተማ መንገድ ላይ፣ ከሺህ ሰው መካከል ማንነታችንን የጠየቀን የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነበር።

ከዚያም የከተማውን ካርታ ዘርግቶ የሚፈልገውን ሆቴል እንድናግዘው ለመነን። እኛ የካርታውን ጫፍ ይዘን ስንመለከት፣ ተራ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች መጥተው መታወቂያ የመሰለ ነገር ብልጭ አደረጉና «ፖሊስ ነን» አሉ። በዚህ አካባቢ ሐሰተኛ ገንዘብ ስለሚመነዘር የሁላችንንም ቦርሳ ማየት እንዳለባቸው ተናገሩ። ወዳጃችን ጥቂት ካጉረመረመ በኋላ ቦርሳውን አስቀድሞ ሰጠ፤ አይተው መለሱለት። ወደ እኛም ዞሮ «ስጣቸው፤ የዚህ አገር ሕግ ነው» አለን። ሰጠን። ብሩን ቆጠሩት፣ አሸተቱት፣ ወደ ቦርሳው መለሱት፤ መልካም ቀንም ተመኝተውልን ሄዱ። ያ ሰውም እጃችንን ጨብጦ ተሰናበተ።

ማታ በመኝታ ክፍላችን ስንቆጥር ከ400 ዩሮ ውስጥ የቀረው 150 ብቻ ነበር። ያ ገንዘብ ዘመዶችና ምእመናን ለመንገዳችን ያዋጡት ነው። ከነዚያም መካከል ዶሮ ሽጠው የሰጡን አሮጊት ነበሩ።

እስከዚህ ድረስ የደረሰብን ጉዳት የገንዘብ ነበረ። የእኛ ጥፋት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። የተማርን ነን፤ ሌላውን የምንመክር ነን፤ እንዲህ ባለ ተራ ዘዴ መታለላችንን ለአለቆቻችንም ለወንድሞቻችንም መናገር ከበደን። ስለዚህ ዝም አልን። ከሰባት ሳምንታት በኋላ ከአገራችን አዲስ የመጣ አንድ ወጣት ካህን በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው በካርታ ዘዴ፣ የያዘውን ሁሉ ተወሰደበት። በማዕድ ተቀምጦ እያለቀሰ ሲናገር፣ እኛም ያን ጊዜ ብቻ የደረሰብንን ገለጽን። ቀና ብሎ አየንና «ታዲያ አባ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አለን። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የለንም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም ያው ጥያቄ ነው።

2. የማታለል ሥራ አካሄድ

የደረሰብንን በኋላ ረጋ ብለን ስንመረምረው፣ የሰውየው ሥራ ድንገተኛ ሳይሆን ሥርዓት ያለው መሆኑን ተረዳን። አራት ደረጃዎች አሉት።

ሀ. የጋራ ነገር ይፈልጋል። የአገራችንን ስም፣ የቋንቋችንን ቃል፣ የሃይማኖታችንን ምልክት፣ የምናውቀውን ሰው ስም ይጠራል። በባዕድ አገር ብቸኝነት የተሰማው ሰው ይህን ሲሰማ ዘመድ ያገኘ ይመስለዋል።

ለ. ትንሽ ነገር ይጠይቃል፣ ወይም ትንሽ ነገር ይሰጣል። ካርታ መያዝ፣ መንገድ ማሳየት፣ አንድ ስኒ ቡና መጋበዝ፣ በክንድ ላይ ክር አስሮ «የወንድምነት ስጦታ ነው» ማለት ሁሉ ከዚህ ይቆጠራል። ትንሹን እሺ ያለ ሰው ትልቁን እምቢ ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። ይሉኝታ ደግሞ ከእኛ ዘንድ ብርቱ ነው።

ሐ. ራሱ አስቀድሞ ያደርገዋል። የእኛ ሰው ቦርሳውን አስቀድሞ መስጠቱ እኛን ለማስከተል ነበር። «እኔም በዚህ መንገድ ሄጄ አልፎልኛል» የሚለው ደላላም ሥራው ይኸው ነው።

መ. ያስቸኩላል፤ ከሌላ ሰውም ይለያል። «አሁኑኑ ካልሆነ ዕድሉ ያልፋል»፣ «ለማንም አትንገር» ይላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው የአገራችን ምሳሌ የተነገረው በቤት ውስጥ ሥራ ለቸኮለች ቢሆንም፣ ለመንገደኛ ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። የፈሰሰውን እህል መልቀም ይቻላል፤ በሰው አገር የፈሰሰ ዕድሜ ግን አይለቀምም።

3. በልጆቻችን ላይ የደረሰው

በሮም የጠፋብን ጥቂት ገንዘብ ነው። ይህ አራት ደረጃ ያለው ሥራ ሰውን በሙሉ ሲውጥ ያየነው ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ በሄዱት ወጣቶቻችን ላይ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በስልክ ነው። አንድ የሚያውቁት ወይም በማኅበራዊ መገናኛ የተዋወቁት ሰው፣ ብዙ ጊዜም የአገር ልጅ፣ በታይላንድ የኮምፒዩተር ሥራ እንዳለ ይነግራቸዋል። እንግሊዝኛ ማወቅና መጻፍ መቻል ይበቃል፤ ደመወዙ በዶላር ነው፤ ማደሪያውና ምግቡ ነጻ ነው ይላል። ወጣቱ ባንኮክ ሲደርስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ የሚቀበለው ሰው አለ። መኪናው ግን ወደ ከተማው አይሄድም። ብዙ ሰዓት ተጉዞ ሜ ሶት ከምትባለው የድንበር ከተማ ይደርሳል፤ ከዚያም የሞይን ወንዝ አሻግሮ በማያንማር ግዛት ምያዋዲ አካባቢ በግንብ ከታጠረ ግቢ ያስገባዋል። በዚያም ፓስፖርቱ ይወሰዳል።

በግቢው ውስጥ የሚሰጠው ሥራ ምንድን ነው? በስልክና በኮምፒዩተር ሐሰተኛ ስምና ፎቶግራፍ ይዞ፣ በሩቅ አገር የሚኖሩ ሰዎችን መወዳጀት ነው። ለሳምንታት እንዴት አደርክ፣ እንዴት ዋልሽ እያሉ ልባቸውን ካገኙ በኋላ፣ ትርፍ ያመጣል በሚባል ሐሰተኛ ንግድ ገንዘባቸውን እንዲያፈስሱ ማድረግ ነው። የዚህ ሥራ ባለቤቶች ዘዴውን አሳማ አድልቦ ከማረድ ጋር አመሳስለው ሰይመውታል። እኛ ሰንጋ አድልበን ለበዓል እንደምናርድ፣ እነርሱ ሰውን በወዳጅነት ቃል ያደልባሉ። የተወሰነለትን ያህል ገንዘብ ያላስገኘ ሠራተኛ ይደበደባል፤ በኤሌክትሪክም የሚያሠቃዩት አሉ። ልውጣ ያለም ብዙ ገንዘብ ይጠየቃል።

የነገሩን አስከፊነት ልብ እንበል። ወዳጅ በመሰለ ሰው የተታለለው ወጣት፣ በግድ እርሱ ራሱ ለሌሎች ወዳጅ መሳይ አታላይ እንዲሆን ይደረጋል። ገንዘቡንና ነጻነቱን ብቻ ሳይሆን ከእናቱ የተማረውን መልካም አንደበት ሳይቀር ይወስዱበታል።

የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ባወጣው ዘገባ፣ በማያንማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያም 100,000 የሚያህሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሥራ ተገድደው የሚሠሩ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ታይላንድ ወደ እነዚያ ግቢዎች የምትልከውን ኤሌክትሪክና ነዳጅ ካቋረጠች በኋላ፣ በአካባቢው ያሉ ታጣቂዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን መልቀቅ ጀመሩ። በዚያው ወር ወንዙን ተሻግረው ለታይላንድ ከተሰጡት መካከል 260 ሰዎች ያሉበት አንድ ቡድን ነበረ። የሃያ አገር ሰዎች በተገኙበት በዚያ ቡድን ከግማሽ የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ይህ በሰነፍና ባልተማረ ሰው ብቻ የሚደርስ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ከእነዚህ ወጣቶች መካከል በዩኒቨርሲቲ የተመረቁ አሉ፤ ቋንቋ ማወቃቸው ነበር ተፈላጊ ያደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ዋንግ ሺንግ የተባለ ቻይናዊ ተዋናይ ለፊልም ሥራ ተጠርቶ ታይላንድ ከደረሰ በኋላ በዚያው በሜ ሶት በኩል ወደ ማያንማር ተወስዶ ነበር፤ ራሱን ተላጭቶ የተገኘው ከቀናት በኋላ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው መንገድ ደግሞ ከጎንደር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ የሚወስደው ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ አደጋው ተባብሷል። በዚህ መንገድ የሚሠሩት ደላሎች «አሁን ሂድ፤ ገንዘቡን ኋላ ትከፍላለህ» ይላሉ። አነጋገሩ የደግነት ይመስላል። ወጣቱ ሊቢያ ሲደርስ ግን በመጋዘን ይዘጋበታል፤ ጩኸቱንም በስልክ ለወላጆቹ እያሰሙ ቤዛ ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ አባት በሬውን ይሸጣል፣ መሬቱን ያከራያል፣ ከዘመድ ይበደራል። ከተላከም በኋላ ልጁን ለሌላ ነጋዴ ሊሸጡት ይችላሉ።

4. ጥቅል አምጪልን ብለው የወሰዷት ሕፃን

ይህ ክፋት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከጎረቤታችን ከሱዳን፣ ከዳርፉር አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1869 ገደማ የተወለደችው ቅድስት ዮሴፊና ባኪታ ገና ሕፃን ሳለች ከመንደሯ አቅራቢያ ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች ቀረቡ። አብራት የነበረችውን ጓደኛዋን ወደ ፊት እንድትሄድ አደረጉ፤ እርሷንም ከጫካው ዳር የረሱትን ጥቅል እንድታመጣላቸው ጠየቋት። ታላላቆችን ማክበር የተማረች ልጅ ስለ ነበረች ታዘዘች። ከጫካው ስትደርስ ያዟት። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተሸጠች፤ ከደረሰባት ድንጋጤ የተነሣ እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም እንኳ ረሳች። ባኪታ የሚለው ስም ያወጡላት የያዟት ሰዎች ናቸው፤ ትርጉሙም ዕድለኛ ማለት ነው።

ከላይ ያየናቸውን ደረጃዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ እናገኛለን። ከጓደኛዋ ለዩአት፤ ትንሽ ነገር ጠየቋት፤ መታዘዟን መያዣ አደረጉት። በኋላም ወደ ኢጣሊያ ተወሰደች፤ እ.ኤ.አ. በ1889 በቬኒስ የነበረው ፍርድ ቤት ነጻ ሰው መሆኗን አረጋገጠላት። ቆይታም ገዳም ገብታ በስኪዮ ከተማ እ.ኤ.አ. የካቲት 8 ቀን 1947 ዐረፈች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ቅድስናዋ ታወጀ። ከ2015 ጀምሮ ይህ የመታሰቢያ ዕለቷ በሰው መነገድን በመቃወም የሚጸለይበት ቀን ሆኗል። ካቴኪስቶች ታሪኳን ለሕፃናት ሲያስተምሩ በተአምርና በቅድስናዋ ብቻ ሳይወሰኑ ያንን ጥቅል እንዳይዘነጉት እናሳስባለን። ታላላቆችን አክብር ብለን የምናስተምረው ልጅ፣ የማያውቀው ሰው ከጓደኞቹ ነጥሎ ሲልከው «እናቴን ልጠይቅ» ብሎ መመለስም እንደሚፈቀድለት ሊያውቅ ይገባል።

5. ምን እናድርግ?

ከመንገድ በፊት። ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው ያገናኘው ድርጅት ፈቃድ ያለው መሆኑንና የሚሄድበትም አገር ከኢትዮጵያ ጋር የሥራ ስምምነት ያለው መሆኑን ከሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት ሕግ መሠረት የቪዛውንና የመጓጓዣውን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው፤ ስለዚህ ይህን ከሠራተኛው የሚጠይቅ ደላላ ከመነሻው ሕግ አፍርሷል። ለሥራ እየተጠራ በጎብኚ ቪዛ ግባ የተባለ ሰውም ከዚያ ላይ ይቁም። የተጋበዘበትን ነገር በሙሉ ቢያንስ ለሦስት ሰዎች፣ ለቤተ ሰቡ፣ ለአንድ ዕውቀት ላለው ሰው፣ ከዚያ አገር ለተመለሰም ሰው ይንገር። እውነተኛ ሥራ ሦስት ሰዎች እስኪሰሙት ድረስ ይጠብቃል።

ለመንገድ ሲዘጋጅ። የፓስፖርቱን ቅጂ ለቤተ ሰቡ ይተው። የቤቱን ስልክ ቁጥር በቃሉ ይያዝ፤ ስልኩ ቢወሰድ ቁጥሩ አብሮ ይጠፋልና። ከወላጆቹም ጋር አንድ ቃል ይስማሙ፤ ተገድዶ «ደኅና ነኝ» ሲል ያንን ቃል በመሐል ቢያስገባ ችግር ላይ መሆኑን ይወቁ። ለምሳሌ በቤት የሌለችን ላም ስም ጠርቶ «እንዴት ናት?» ማለት ይበቃል።

በሰው አገር። እውነተኛ ፖሊስ ነኝ የሚል በመንገድ ላይ ቦርሳ ቢጠይቅ፣ «ወደ ጣቢያ እንሂድና ላሳይዎ» ማለት ነውር አይደለም፤ እኛ ያንን ቃል ብንናገር ኖሮ ሰዎቹ ጥለውን ይሄዱ ነበር። ፓስፖርትን «እኔ ላስቀምጥልህ» ለሚል ሰው መስጠት አይገባም። የተቀበለን መኪና ከተባለው መንገድ ሲወጣ ካየን፣ ይሉኝታን ትተን ሰው ባለበት ስፍራ እንውረድ። መድረሻችን ገና ሩቅ ሳለ እምቢ ማለት ይቀላል፤ ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ግን ይከብዳል።

ቤዛ ሲጠየቅ። የልጁን ጩኸት የሰማ ወላጅ አእምሮው እንደሚታወክ እናውቃለን፤ አንፈርድበትም። ነገር ግን ሌሊቱን ብቻውን አይወስን። ለፖሊስ ያመልክት፤ የደወሉበትን ቁጥርና ገንዘብ ላኩ ያሉበትን የባንክ ሒሳብ ጽፎ ይያዝ፤ ቁምስናውም ከጎኑ ይቁም።

6. ስለ ዝምታና ስለ ተመላሹ

በአንድ መንደር ከእንዲህ ያለ መከራ የተመለሰ ወጣት ልንጠይቅ ሄደን ነበር። እናቱ «ከቤት አይወጣም፣ አባ» አሉን። ለምን እንደማይወጣ ስንጠይቀው፣ በገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ሲሉ መስማቱን ነገረን። ምሳሌው ከቀድሞ የወረስነው ነው፤ ነገር ግን መከራ መክሮት ለተመለሰ ሰው መልሶ መናገሩ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለውም ሆኗል። ከዚህ ይልቅ የወደቀውን አንሥቶ ወደ ማረፊያ የወሰደውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ እናስብ፤ ያ ሰው የቆሰለውን መንገደኛ ለምን በዚያ መንገድ ብቻህን ወረድህ ብሎ አልጠየቀውም።

ሕጉም ቢሆን በዚህ ረገድ ከገበያው ወሬ ይልቅ ርኅሩኅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2000 በሰው መነገድን ለመከላከል ባወጣው ፕሮቶኮል መሠረት፣ ማታለል ወይም ማስገደድ ካለበት ተጎጂው ቀድሞ እሺ ማለቱ ነጋዴውን ከወንጀል አያድነውም። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው የሚነግዱትን ይቀጣል፤ ተጎጂዎችም እንዲጠበቁ ያዛል። «ራሱ ፈልጎ ሄደ» የሚለው ቃል እንግዲህ በሕግ ፊት ክብደት ከሌለው፣ በእኛ አፍ ለምን ይከብዳል?

ተጎጂ ሲናገር የሚሆነውን ደግሞ በአንድ ምሳሌ እንይ። ኪዳኔ ዘካርያስ ሀብተማርያም የተባለው ኤርትራዊ በሊቢያ በባኒ ዋሊድ ስደተኞችን አግቶ ቤዛ በማስከፈል የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ሲሄድ በእጁ ከተሠቃዩት አንዱ አየውና ለየው፤ ለፖሊስም ጠቆመ፤ ተያዘም። በ2021 ፍርዱ ሳያልቅ ቢያመልጥም በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በጥር 2023 መጀመሪያ ደግሞ በሱዳን እንደገና ተያዘ። የብዙ አገር ፖሊስ የሚፈልገውን ሰው መጀመሪያ ያስያዘው አንድ ወጣት «ይህ ሰው እኔን ያሠቃየኝ ነው» ብሎ ለመናገር መድፈሩ ነው። እኛ በሮም በሰባት ሳምንት ያልደፈርነውን እርሱ በመንገድ ላይ በቅጽበት ፈጸመው።

ስለዚህ በየቁምስናችን ተመላሹ የሚናገርበት ስፍራ ይኑር እንላለን። መናገር ለማይፈልግ አይገደድ፤ የሚናገርም ቢኖር ሳይቋረጥ ይደመጥ፤ ቃሉም ለሚቀጥለው መንገደኛ ስንቅ ይሁን። እናቶችና አባቶችም ልጃቸው ስልክ ደውሎ «ተታለልሁ» ሲል፣ የመጀመሪያው መልሳቸው «ምነው እንዲህ ሆንህ?» ሳይሆን «ወዴት ነህ? ልጄ፣ እኛ አለን» የሚል ይሁን። የሚፈራው የወላጁን ቁጣ የሆነ ልጅ ይደብቃል፤ የደበቀውም ነገር ለአታላዩ መሣሪያ ይሆናል።

በወንዛዬ ውኃ ዳር የሚቀመጡት እንግዶች ዛሬም «አገርዎ ወዴት ነው?» ይባባሉ። ይባባሉም እንጂ። እኛም ከሮም ከተመለስን በኋላ ለእንግዳ ሰላምታ መስጠትን አልተውንም፤ የተውነው የደረሰብንን መደበቅን ነው። ያ ወጣት ካህን ለጠየቀን ጥያቄ ዘግይተንም ቢሆን የምንሰጠው ካሣ ይህ ነው፤ አንባቢም ለሚቀጥለው መንገደኛ ቢነግርልን ካሣችን ይሞላል።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ወጣቶችን ወደ ውጭ የሚጋብዝ ሰው ከአራቱ ደረጃዎች በየትኛው ይጀምራል? የሚጠራውስ የጋራ ነገር ምንድን ነው?

2. ይሉኝታ መልካም የሚሆነው መቼ ነው? ጉዳት የሚያመጣውስ መቼ ነው? ከራሳችሁ ሕይወት ምሳሌ ስጡ።

3. የማያውቀው ሰው ከጓደኞቹ ነጥሎ ሲልከው ሕፃን ልጅ ምን ብሎ እንዲመልስ ታስተምሩታላችሁ? ልጆቹን ጥያቄና መልሱን እያስጫወታችሁ አለማምዱ።

4. ከመከራ የተመለሰ ወጣት በቁምስናችሁ ቢኖር በመጀመሪያው ሳምንት ማን ይጎበኘዋል? ምንስ ይለዋል? ምን ከማለትስ ይጠነቀቃል?

5. እናንተስ ከማፈር የተነሣ ያልተናገራችሁት፣ ቢነገር ግን ሌላውን የሚያድን ነገር አለን? በቡድን ለመናገር ባይቻል እንኳ ለአንድ የታመነ ሰው ዛሬ ንገሩ።